አሲዱ አልተበላሸም፣ ረግቶ ነው፦ የፈሳሽ ኬሚካል መቅለጫ ነጥብ በትንሽ ላብራቶሪ ሲለካ

ታኅሣሥ ነበር። የጎንደርን የታኅሣሥ ጠዋት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጋቢ ሳይደርቡ ከቤት መውጣት የለም። ላብ ገብቼ ጋዋኔን ሳልለብስ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ጋሼ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

«እታለም፣ ያ አሲድ ተበላሽቷል።»

«የትኛው ጋሼ?»

«ያ ሆምጣጤ ሆምጣጤ የሚሸተው። ድንጋይ ሆኗል። ለሻጩ ይመለስልን ብዬ ደብዳቤ ላጽፍ ነው።»

ሄጄ አየሁት። ሁለት ሊትር ተኩል የሚይዝ ቡናማ ጠርሙስ ነው። ክዳኑን አጥብቄ ዘቀዘቅሁት፤ ምንም አልተንቀሳቀሰም። ብርሃን ላይ ሳየው ውስጡ እንደ ተሰነጣጠቀ በረዶ ነው። አልተበላሸም። እንዲያውም ንጹሕ ስለሆነ ነው የረጋው። ንጹሕ አሴቲክ አሲድ በ16.6 ዲግሪ ሴልሺየስ ይረጋል፤ «ግላሻል» የተባለውም በረዶ ስለሚመስል ነው። የግምጃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ያለው ቴርሞሜትር ያን ጠዋት 12 ይላል።

ጋሼ በቀላሉ የሚለቁ ሰው አይደሉም። «እሽ፣ አልተበላሸም እንበል። ታዲያ ወረቀቱ ላይ ለምን ፈሳሽ ይላል? ይኸው ድንጋይ!»

ጥያቄያቸው ከሰልጣኞቼ ጥያቄ ሁሉ ይበልጣል። የዛሬው ጽሑፍም ከዚያ የተነሣ ነው። አንድ ፈሳሽ ኬሚካል በስንት ዲግሪ እንደሚረጋ፣ ውድ ማሽን ሳይኖር፣ ደኅንነት ወረቀት ላይ የሚጻፍ ቁጥር እስኪወጣ ድረስ እንዴት እንደምለካ ልንገራችሁ። መብራት ቢሄድም የማይቆም ሥራ ነው፤ ለእኛ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ቁጥሩ ለምን ተፈለገ?

ኬሚካሎችን በአደጋቸው ለመመደብና መለያ ለመለጠፍ የተባበሩት መንግሥታት ያወጣው ሥርዓት አለ፤ ጂኤችኤስ ይባላል። የመጀመሪያ እትሙ በፈረንጆች 2003 ወጣ። እዚያ ውስጥ «ፈሳሽ» የሚለው ነገር በዓይን አይወሰንም። በባሕር ወለል የአየር ግፊት የመቅለጫ ነጥቡ 20 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ፣ ጋዝ እስካልሆነ ድረስ፣ ፈሳሽ ነው። አሴቲክ አሲድ በ16.6 ይቀልጣል፤ ስለዚህ ጎንደር መደርደሪያ ላይ ድንጋይ ቢሆንም ፈሳሽ ነው። ፌኖል ደግሞ በ41 ገደማ ነው የሚቀልጠው፤ ስለዚህ መተማ ወርዶ በሙቀቱ ቢፈስም ጠጣር ነው።

ጋሼ ይህን ስነግራቸው «የፈረንጅ ነገር» ብለው ሳቁ። ነገሩ ግን የቃላት ጨዋታ አይደለም። ፈሳሽ የተባለ ነገር እሳት የመያዝ ባሕርዩ በአንድ መንገድ ይፈተናል፣ ጠጣር የተባለው በሌላ። የሚቀመጥበትና የሚጓጓዝበት ሕግም ይለያያል። አሴቲክ አሲድ ቆዳ ማቃጠሉ ብቻ ሳይሆን ከ39 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ ተኑ እሳት ካገኘ ይቀጣጠላል። ይህን የማያውቅ ሰው የረጋ ጠርሙስ በምድጃ ዳር ሊያቀልጥ ይችላል።

ቁጥሩ የሚጻፈው ሴፍቲ ዳታ ሺት በምንለው የደኅንነት ወረቀት ላይ ነው። ወረቀቱ 16 ክፍሎች አሉት፤ የመቅለጫ ነጥብ ክፍል 9 ላይ ይገባል። ሪች የተባለው የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ደግሞ በዓመት 1 ቶንና ከዚያ በላይ እዚያ የሚያመርት ወይም የሚያስገባ ድርጅት ይህን ቁጥር እንዲያስመዘግብ ያዛል። አንድ ደግነት አለው፤ ከ-20 ዲግሪ በታች ወርዳችሁ ለኩ አይልም። እስከዚያ ካልረጋ «ከ-20 በታች» ተብሎ ይጻፋል።

አለካኩን የሚያሳየው ኦኢሲዲ (የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት) ያወጣው መመሪያ ቁጥር 102 ነው፤ የ1995 ነው። ብዙ መንገዶች ተዘርዝረውበታል። ለዱቄት የሚሆነው ቀጭን የመስታወት ቱቦ ውስጥ ጠቅጥቆ ማሞቅ ነው። ዲኤስሲ የሚባል ማሽን ያለው ሰው ጥቂት ሚሊግራም አስገብቶ ሻዩን ይጠጣል፤ ይህ ጽሑፍ ለእሱ አይደለም። ለፈሳሽ የሚሆኑን ሁለት ናቸው፤ የመርጊያ ነጥብ መለካትና የመፍሰሻ ነጥብ መለካት። አብዛኛውን ጊዜ የምጠቀመው የመጀመሪያውን ነው።

መርጊያና መቅለጫ አንድ ነው ወይ ለምትሉ፣ ንጹሕ ለሆነ ነገር አንድ ነው። ከላይ ስትወርዱ መርጊያ፣ ከታች ስትወጡ መቅለጫ። የተቀላቀለ ነገር ግን አንድ ቁርጥ ያለ ነጥብ የለውም። የሚረጋውን ዘይት አስቡት። ጠዋት ጀሪካኑ ውስጥ ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ፈሳሽ ነው። በስንት ረጋ ቢሏችሁ አንድ ቁጥር የላችሁም፤ ከዚህ እስከዚህ ነው የምትሉት።

መጀመሪያ ቴርሞሜትሩን ፈትኑ

አንድ ጊዜ አንድ ሰልጣኝ ልጅ ደህና ቴርሞሜትር ሊጥልብኝ ነበር። ውሃ አፍልቶ ነከረው፤ 93 ላይ ቆመ። «ተበላሽቷል፣ 7 ዲግሪ ያጎድላል» አለኝ። ልጁ ከመጽሐፍ ነው የመጣው፤ መጽሐፉ ደግሞ ከባሕር ዳርቻ። ጎንደር ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። እዚህ ውሃ የሚፈላው በ93 አካባቢ ነው። ሽንብራ ለምን አልበስል እንደሚለን እናቶቻችንን ጠይቁ።

ስለዚህ በፈላ ውሃ አትፈትኑ። በሚቀልጥ በረዶ ፈትኑ። ከፍታ የመፍያ ነጥብን ያወርዳል፣ እሳት የመያዣ ነጥብንም በጥቂት ዲግሪዎች ያወርዳል፤ የበረዶን መቅለጫ ግን አይነካውም ማለት ይቻላል። በእኛ ከፍታ ያለው ልዩነት የዲግሪ ሁለት ሺኛ እንኳ አይሞላም። የዚህ ሥራ ደስ የሚለኝ ነገር ይሄ ነው፤ ጎንደር የለካሁት ቁጥር ጅቡቲ ወደብ ላይ ከተለካው ጋር እኩል ነው፣ ማስተካከያ አያሻውም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከዲስቲልድ ውሃ የተሠራ በረዶ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሉና በዘነዘና ውቀጡት። ፔርሙዝ ውስጥ ጨምሩ። በመካከሉ ያለው ክፍተት እስኪሞላ ድረስ ብቻ ቀዝቃዛ ዲስቲልድ ውሃ አፍስሱበት። በረዶው ከተንሳፈፈ ውሃው በዝቷል፤ ቅዱት። ቴርሞሜትሩን መሀሉ ላይ ትከሉት። 10 ደቂቃ ጠብቁ። የእኔ 0.3 ያነባል። በዚህ ቴርሞሜትር ከማነበው ሁሉ ላይ 0.3 እቀንሳለሁ። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፌ በፕላስተር ቴርሞሜትሩ ጫፍ ላይ ለጥፌዋለሁ፤ በየወሩም እደግመዋለሁ።

ማታ ፍሪዘር ውስጥ ያስቀመጥኩት በረዶ ጠዋት ውሃ ሆኖ ያገኘሁበት ቀን ብዙ ነው። መብራት ሌሊት ሄዶ ሌሊት ይመለሳል፣ ማንም አያውቅም። አሁን በረዶው እንደ ረጋ ማታውኑ ወደ ትልቅ ፔርሙዝ እገለብጠዋለሁ። የክትባት ሳጥን ያላችሁ ደግሞ ተመስገን በሉ።

ራሳችሁን ሸፍኑ

በዚህ ላይ ብዙ አልልም። መነጽር፣ ጋዋን፣ የተሸፈነ ጫማ፣ ጭስ መሳቢያ ሥር። ስለ ጓንት ብቻ አንድ ነገር። ተራዋ ቀጭን ጓንት ግላሻል አሴቲክ አሲድን ለረጅም ጊዜ አታግደውም። ጠብታ ካረፈባት «ኋላ» አትበሉ፣ ያኔውኑ አውልቃችሁ እጃችሁን ታጠቡና ሌላ አጥልቁ። ሌላ ኬሚካል ከሆነ የሱን ዳታ ሺት ክፍል 8 አንብቡ፤ የጓንቱ ዓይነት እዚያ ተጽፏል።

መሣሪያው

ሁለት ቴስት ቲዩብ ያስፈልጋል፤ አንዱ ሌላው ውስጥ የሚገባ። ትንሹ ሁለት ሳንቲ ተኩል ገደማ ስፋት ይኑረው። ትልቁ ውስጥ ሲገባ ዙሪያውን የጣት ግማሽ ያህል አየር መቅረት አለበት። ብዙ ሰው ይህን አየር ይንቀዋል። ቲዩቡን በቀጥታ በረዶ ውስጥ ይነክረዋል። ከዚያ ዳሩ ይረጋል፣ መሀሉ ገና ፈሳሽ ነው፤ ቴርሞሜትሩ ደግሞ የመሀሉን ያነባል። አየሩ ቅዝቃዜውን ቀስ ብሎ ያስገባል። እንደ ድስት ማስቀመጫ ነው፣ መሀል ገብቶ ኃይሉን ያለዝበዋል።

ክዳኑ ቡሽ ይሁን። ሁለት ቀዳዳ ይበሳለት፤ አንዱ ለቴርሞሜትሩ፣ አንዱ ለማማሰያው። ማማሰያ የምለው የማይዝግ ሽቦ ነው፤ ጫፉን ቀለበት አድርጋችሁ ታጠፉታላችሁ፣ ቀለበቱ ቴርሞሜትሩን ከብቦ ወደ ላይና ወደ ታች ይሄዳል። የመዳብ ሽቦ አሲድ ውስጥ አታስገቡ፤ ሰማያዊ ፈሳሽ ይዛችሁ ትቀራላችሁ።

ሳምፕሉ 15 ሚሊ ሊትር ያህል ይበቃል። የቴርሞሜትሩ የታችኛው ጫፍ ሳምፕሉ መሀል ላይ ይሁን፣ ግድግዳም ታችም አይንካ።

ውጪው ቢከር ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ ይገባል። ከምትጠብቁት መርጊያ ነጥብ ከ6 እስከ 8 ዲግሪ ዝቅ ይበል እንጂ ከዚያ አይውረድ። ለአሴቲክ አሲድ 9 ወይም 10 ዲግሪ ያህል ውሃ እጠቀማለሁ። ታኅሣሥ ላይ የቧንቧው ውሃ ጥቂት በረዶ ጣል ቢደረግበት ወዲያው እዚያ ይደርሳል።

ልኬቱ

አሁን ቁጭ በሉ። ሰዓት፣ ደብተር፣ እስክሪቢቶ። ሁለት ሰው ከሆናችሁ ይሻላል፤ አንዱ ያማስላል፣ አንዱ ይጽፋል። በሴኮንድ አንድ ጊዜ ያህል፣ ሳትቸኩሉ አማስሉ። በየ30 ሴኮንዱ አንብቡ፤ የዲግሪ አሥረኛን ሳይቀር።

ጋሼ ድንጋይ ሆነ ካሉት ጠርሙስ ወስጄ፣ አቅልጬ የለካሁትን ከደብተሬ እንዳለ ላስቀምጠው፦

19.5፣ 18.2፣ 17.1፣ 16.2፣ 15.3፣ 14.6፣ 13.9።

እስከዚህ ድረስ ሳምፕሉ እንደ ምንጭ ውሃ ጥርት ያለ ነው። ሰልጣኙ ልጅ አጠገቤ ቁና ቁና ይተነፍሳል። «አለፈው! 16.6 አልፎ ሄደ! አልረጋም!» ይላል። ዝም ብዬ የመስታወት ዘንግ አነሣሁ። ቡሹን በትንሹ ከፈት አድርጌ ከፈሳሹ ወለል በታች የቲዩቡን ግድግዳ ሁለት ጊዜ ፋቅ ፋቅ አደረግሁት። የተጫረበት ቦታ ላይ ነጭ ላባ የመሰለ ነገር ብቅ አለ። ላባው ቅርንጫፍ አወጣ፣ ቅርንጫፉ ሌላ ቅርንጫፍ። ሳምፕሉ እንደ አጥሚት ደፈረሰ። ማማሰያው ከበደኝ። ቴርሞሜትሩ ደግሞ፣ ልብ በሉ፣ በበረደ ውሃ ውስጥ ተቀምጦ መውጣት ጀመረ፦

15.8፣ 16.3፣ 16.4፣ 16.4፣ 16.4፣ 16.4፣ 16.3።

ከዚያ ቀስ እያለ ወረደ።

የመርጊያ ነጥቡ ያቺ አራት ጊዜ የተደጋገመችው 16.4 ናት። ከሷ ላይ የቴርሞሜትሩን 0.3 ስቀንስ 16.1።

የሆነው ይሄ ነው። ፈሳሽ መርጋት ሲገባው መጀመሪያዋን ክሪስታል የሚጀምርለት ካጣ፣ ፈሳሽ እንደሆነ ዝቅ እያለ ይቀዘቅዛል። ላብ ውስጥ ሱፐርኩሊንግ እንለዋለን። አንዴ ከጀመረ ግን መርጋት ሙቀት ይለቃል፤ ያ ሙቀት ቴርሞሜትሩን ወደ ትክክለኛው ቦታ ይመልሰዋል። ፈሳሹና ክሪስታሉ አብረው እስካሉ ድረስ እዚያው ይቆማል። ስለዚህ የምትፈልጉት ቴርሞሜትሩ የወረደበትን ሳይሆን የቆመበትን ነው።

ይህን የተማርኩት ተዋርጄ ነው። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን፣ ሌላ ቦታ፣ ያንኑ አሲድ ለክቼ «9 ዲግሪ» ብዬ ጻፍኩ። ያየሁት ዝቅተኛ ቁጥር 9 ነበራ! ከዚያ በኋላ ቴርሞሜትሩ ሲወጣ «አንድ ሰው የሞቀ እጁን አሳርፎበት ይሆናል» ብዬ ማንበቤን አቆምኩ። አለቃዬ ወረቀቱን አይተው፣ «አንቺ፣ ይሄ አሲድ ነው ወይስ ግማሹ ውሃ?» አሉኝ። ፊቴ በርበሬ መሰለ። በ9 ዲግሪ የሚረጋ አሲድ ማለት 5 በመቶ ያህል ውሃ ያለበት ማለት ነው። ለካ ሻጩን ሳላውቀው በሌብነት ከስሼው ኖሯል።

ሱፐርኩሊንጉ ብዙ ባይሆን ይመረጣል። በጣም ዝቅ ብሎ ድንገት ከረጋ ብዙው በአንዴ ይጠጥራል፣ ማማሰያው ይያዛል፣ ቁጥሩም እስከ ትክክለኛው ቦታ ላይመለስ ይችላል። መፍትሔው እርሾ ነው። ጥቂት ጠብታ ሳምፕል በሌላ ትንሽ ቲዩብ በረዶ ውስጥ ቀድማችሁ አርጉ። ዋናው ሳምፕል ከሚጠበቀው አንድ ዲግሪ ዝቅ ሲል፣ በቀዝቃዛ የመስታወት ዘንግ ጫፍ አንዲት ፍሬ ክሪስታል ነክታችሁ ጣል አድርጉበት። ከሊጥ ጋር የኖረ ሰው ይገባዋል፤ ያለ እርሾ መጠበቅ ጊዜ ማባከን ነው።

ከዚያ ድገሙት። ቲዩቡን 30 ዲግሪ ገደማ ውሃ ውስጥ አቅልጣችሁ እንደገና ከላይ ጀምሩ። ሁለተኛው ልኬቴ ከማስተካከያው በኋላ 16.3 መጣ። የዚህ ዘዴ ትክክለኛነት ግማሽ ዲግሪ ያህል ስለሆነ 16.1 እና 16.3 እኅትማማቾች ናቸው። አማካዩ 16.2። አንዱ 16.1 ሌላው 14.8 ቢሆን ኖሮ አማካይ አላወጣም ነበር፤ ምን ገባበት እላለሁ እንጂ።

ብዙ ጊዜ የሚገባው ውሃ ነው። አሴቲክ አሲድ እርጥበት ከአየር ይስባል። 1 በመቶ ውሃ የመርጊያ ነጥቡን ወደ 2 ዲግሪ ይጠጋ ያወርደዋል። ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ ጣራውን ሲደበድብ፣ ክዳኑን ከፍቶ ስልክ የሚያወራ ሰው ቁጥሬን ሲያበላሽብኝ አይቻለሁ። ነገሩን ገልብጣችሁ ካያችሁት ጥሩ መሣሪያም ነው፤ ጠርሙሱ ላይ «ቢያንስ 99.7 በመቶ» የሚል ካለና መርጊያ ነጥቡ 13 ከመጣላችሁ ሻጩን የምትጠይቁት ነገር አላችሁ።

ከዜሮ በታች ሲወረድ

በረዶ ብቻውን ከዜሮ አያልፍም። ጨው ያስፈልጋል። በክብደት ሦስት እጅ የተወቀጠ በረዶ፣ አንድ እጅ ጨው። ቅዳሜ ገበያ ያለው ደቃቅ ጨው ይሆናል፤ አዮዲን ይኑረው አይኑረው ግድ የለም። አንድ ጊዜ የአሞሌ ስባሪ ወቅጬም ሠርቼበታለሁ፤ ጥንት ገንዘብ የነበረ ነገር በረዶ ላይ ሲበተን እማማ ቢያዩኝ ይታዘቡኝ ነበር። በወረቀት የበረዶና የጨው ድብልቅ -21 ይደርሳል። በእጃችሁ ግን -15 ወይም -18 ብታገኙ ጎበዝ ናችሁ።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ሪች -20 ድረስ ይላል፤ በጨው ደግሞ ሳምፕሉን -20 ላይ አታደርሱትም። -16 ላይ አልረጋም ብላችሁ «ከ-20 በታች» ብላችሁ አትጻፉ። ያያችሁት «ከ-16 በታች» ነው፤ እሱኑ ጻፉ። ወደ ታች መሄድ ከፈለጋችሁ ካልሲየም ክሎራይድ ከበረዶ ጋር ይሻላል፣ -40 አካባቢ ይደርሳል። ግን ውሃ ያዘለውን፣ ሄክሳሃይድሬት የሚባለውን ዓይነት ግዙ። እኔ ደረቁን ገዝቼ በረዶ ላይ ስበትነው ቢከሩ ሞቀ። ደረቁ ካልሲየም ክሎራይድ ሲሟሟ ሙቀት ያወጣል። ከሰፈር ፍሪዘር ለምኜ ያጠራቀምኩት በረዶ ሁሉ በሦስት ደቂቃ ውሃ ሆነ። ያን ቀን ቡና ጠጥቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ቴርሞሜትሩም ይታሰብ። ሜርኩሪ ራሱ በ-39 ገደማ ይረጋል። ወደዚያ የሚጠጋ ሥራ ካላችሁ ቀይ አልኮል ያለው ወይም ኤሌክትሮኒክ ይሁን።

እምቢ የሚሉ ፈሳሾች

ግሊሰሪን አጉል ግትር ነው። መጽሐፍ 18 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል ይላል። በመጽሐፉ ከሆነ ከአሴቲክ አሲዱ ቀድሞ መርጋት ነበረበት። መደርደሪያው ላይ ጎን ለጎን ናቸው፤ አሲዱ በየታኅሣሡ ይረጋል፣ ግሊሰሪኑ ረግቶ አይቼው አላውቅም። በረዶ ውስጥ ብትነክሩት ይወፍራል፣ እንደ ማር ይጎተታል፣ ቴርሞሜትሩ ግን አንድም ቦታ ሳይቆም ይወርዳል። የማይቆም መስመር ካያችሁ ቁጥር አትፍጠሩ። ፈሳሹ አልረጋም፤ ወፈረ እንጂ።

እንዲህ ላለውና ለዘይታማ ነገር የመፍሰሻ ነጥብ ይለካል። ለነዳጅ ዘይቶች የተሠራ ዘዴ ነው። ሳምፕሉ መጀመሪያ ይሞቃል፤ ቀድሞ የነበረበትን ቅዝቃዜ እንዲረሳ በሉት። ከዚያ ሳያማስሉ ይቀዘቅዛል። በየ3 ዲግሪው ቲዩቡን አውጥታችሁ አዘንብላችሁ ታያላችሁ። ጨርሶ ካልተንቀሳቀሰ ጋደም አድርጋችሁ 5 ሴኮንድ ቁጠሩ። አሁንም ካልተንቀሳቀሰ አለቀ፤ ለመጨረሻ ጊዜ የተንቀሳቀሰበት፣ ማለትም ከዚያ 3 ዲግሪ ከፍ ያለው፣ የመፍሰሻ ነጥቡ ነው። ትክክለኛነቱም 3 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በአሥረኛ የሚጽፍ ሰው ካያችሁ አትመኑት። ወረቀቱ ላይ ስትጽፉም «የመፍሰሻ ነጥብ» በሉት። የመቅለጫ ነጥብ ቦታ ላይ ያለ ስሙ ማስገባት ሰው ማሳሳት ነው።

ወረቀቱ

ሪፖርት አጭር ይሁን። ኬሚካሉ ምን እንደሆነ፣ ንጽሕናውና የሚታወቅ ባዕድ ነገር ካለበት፣ ከልኬቱ በፊት አጥርታችሁት ከሆነ እንዴት፣ በየትኛው ዘዴ፣ ሁለቱ ልኬቶች፣ አማካዩ፣ ትክክለኛነቱ። የእኔ እንዲህ ይላል፦ «አሴቲክ አሲድ፣ በመለያው ቢያንስ 99.7 በመቶ፣ ተጨማሪ ማጥራት አልተደረገም። የመርጊያ ነጥብ ዘዴ፣ ኦኢሲዲ 102። 16.1 እና 16.3፣ አማካይ 16.2 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ስሕተት በ0.5 ውስጥ። ቴርሞሜትሩ በሚቀልጥ በረዶ ተፈትኖ 0.3 ተቀንሷል።» በኬልቪን ከጠየቋችሁ 273.15 ደምሩ።

ሳምፕሉ ከመርጋቱ በፊት ከተበላሸ ወይም ቀለም ከቀየረ ያንንም ጻፉ። ደብተሩን ደግሞ አትጣሉ። ከአማካዩ ይልቅ የ30 ሴኮንዱ ዝርዝር ነው ከጭቅጭቅ የሚያድናችሁ። ውጤቱን ለውጭ ምዝገባ የሚያቀርብ ደንበኛ ከመጣ፣ ተቀባዩ ምን ዓይነት ላብ እንደሚቀበል አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ልኬቱ ካለቀ በኋላ መጠየቅ ሁለት ጊዜ መክፈል ነው።

ጠርሙሱን ማቅለጥ

የጋሼ ጠርሙስ ቀረ። ምድጃ የለም፣ ሂተር የለም፣ ፀሐይ ላይ ማውጣትም የለም። ባልዲ ውስጥ ለብ ያለ ውሃ አደረግሁ፤ እጅ የሚችለው፣ 30 ዲግሪ ያህል። ክዳኑን ጭስ መሳቢያው ሥር በትንሹ ላላ አድርጌ ጠርሙሱን አቆምኩት። ውሃው አንገቱ ጋ እንዳይደርስ፤ ከገባበት መርጊያ ነጥቡ ምን እንደሚሆን አይታችኋል። ሁለት ጊዜ ውሃውን ቀየርኩ። ከምሳ ስመለስ ሙሉ በሙሉ ቀልጧል። ክዳኑን አጠበቅሁና ከመቅዳቴ በፊት ቀስ ብዬ አገላበጥሁት። መጀመሪያ የሚቀልጠው ውሃ የበዛበት ክፍል ስለሆነ፣ ግማሹ ብቻ ቀልጦ ከላይ የቀዳ ሰው ደካማውን ይወስዳል፣ ጠንካራውን ለሌላው ይተዋል።

ጋሼ ከኋላዬ ቆመው ሲያዩ ነበር። ደብዳቤውን ቀደዱት። በማግስቱ መደርደሪያው ላይ በትልልቅ ፊደል የተጻፈ ወረቀት ተለጥፎ አገኘሁ፦ «ይህ አሲድ በብርድ ይረጋል። አልተበላሸም። እሳት አይቅረበው። ታሟል ብላችሁ አትመልሱት።»

የመጨረሻዋን ላጠፋት አስቤ ነበር፤ ተውኳት።